ልብስ የምትበላው የእሳት እራት አትበላም፤ የሚበላው ልጇ ነው

ሹራባችሁን ከቁምሳጥን አውጥታችሁ ስትዘረጉት የተበሳሳ ከሆነ፣ በአጠገባችሁ ብር ብላ ያለፈችውን ትንሽ ወርቃማ የእሳት እራት ለመግደል አትሩጡ። ሹራቡን የበላችው እሷ አይደለችም። ክንፍ ካወጣች በኋላ አፏ ለመብላት አይሆንም፤ ምንም ሳትቀምስ ተዳቅላ፣ ከ40 እስከ 50 እንቁላል ጥላ ትሞታለች። በላተኛው ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ነጣ ያለ ትንሽ ትል ነው። «ብል በላው» የምንለው የእሱን ሥራ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ስሟ የእሳት እራት ይሁን እንጂ ይቺኛዋ ከብርሃን ትሸሻለች። አምፖል የሚዞሩት ሌሎች ዝርያዎች ናቸው። ስለዚህ ፍለጋችሁን ከጨለማው ጀምሩ፤ ከኮሌታ ሥር፣ ከኪስ ውስጥ፣ ከካፖርት እጥፋት፣ ከባድ ዕቃ ከተጫነው የምንጣፍ ጥግ። ድር የመሰለ ቀጭን ክር ወይም አሸዋ የሚመስል ደቃቅ ነገር ካገኛችሁ ትሉ እዚያ ነበር ማለት ነው። ያ አሸዋ ኩሱ ነው። ብዙ ጊዜ ቀለሙ የበላውን ልብስ ይመስላል።

ምግቡን ማወቅ ግማሽ መፍትሔ ነው። ሱፍ፣ ፀጉርና ላባ የተሠሩት ኬራቲን ከሚባል ጠንካራ ፕሮቲን ነው፤ የኛም ጥፍር እንደዚያው። የብዙ እንስሳት ሆድ ይህን አይፈጭም። የዚህ ትል ሆድ ግን ፕሮቲኑን አጥብቀው የያዙትን የሰልፈር ማሰሪያዎች ይበጥሳቸዋል። በጣም ይገርመኛል! ውኃ እንኳ መጠጣት አያስፈልገውም፣ ከምግቡ ያገኘዋል። ንጹሕ ሱፍ ብቻውን ግን አይበቃውም። ቫይታሚንና ጨው የሚያገኘው ከላብ፣ ከሰውነት ቅባትና ልብስ ላይ ከፈሰሰ ምግብ ነው። እናቴ የሠራችልኝን የሱፍ ሹራብ ያጣሁት አንድ ቀን ብቻ ለብሼው አልቆሸሸም ብዬ ሳላጥበው ስላስቀመጥኩት ነው፤ እስከዛሬ ይቆጨኛል። እባካችሁ፣ ለረጅም ጊዜ የምታስቀምጡትን ሱፍ አንዴም ለብሳችሁት ቢሆን እጠቡት። ንጹሕ ጥጥና ናይለን ላይ ብዙ አትጨነቁ፤ ከሱፍ ጋር ከተቀላቀሉ ወይም ከቆሸሹ ግን እነሱንም ይበሳል።

አሁን ያለውን ለመግደል ሙቀት ወይም ብርድ ያስፈልጋል። 55 ዲግሪ ሙቀት የሚችል ልብስ ካላችሁ በዚያ ውኃ እጠቡት። ሱፍ ግን በሙቅ ውኃ ስለሚኮማተር ለእሱ ፍሪዘር ይሻላል። ልብሱን ፌስታል ውስጥ ከትታችሁ፣ አየሩን አስወጥታችሁ፣ ጥብቅ አድርጋችሁ ካሰራችሁት በኋላ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ 2 ሳምንት አቆዩት። ስታወጡት ፌስታሉን ቶሎ አትፍቱ፤ ቅዝቃዜው እስኪለቀው ጠብቁ፣ አለበለዚያ ልብሱ እርጥበት ይይዛል። ልብሱ ፍሪዘር ውስጥ እያለ ቁምሳጥኑን አራግፋችሁ ስንጥቁን ሁሉ በቫኪዩም ምጠጡት፣ የሰበሰባችሁትን ቆሻሻ ደግሞ ወዲያው ከቤት አውጡ።

ብል ለማባረር ልብስ መሀል የሚቀመጠውን ነጭ ኳስ፣ ናፍታሊንን አልመክርም። ትነቱ ለሰውም ጎጂ ነው፤ ሕፃን ያለበት ቤት ውስጥማ ጭራሽ አይሁን፣ አንዳንድ ልጆች ላይ ቀይ የደም ሴልን ይሰባብራል። ጥሩ መዓዛ ያለው እንጨትም የገባውን ትል አያስወጣም። የሴቷን ሽታ አስመስለው የሚሠሩት የሚያጣብቁ ወጥመዶች የሚይዙት ወንዶቹን ብቻ ነው፣ ብል መኖሩን ለማወቅ ግን ጥሩ ናቸው።

የታጠበውንና በደንብ የደረቀውን ልብስ በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ አስቀምጡ። ትሉ ምግብና ሙቀት ከተመቸው በሁለት ወር ገደማ ያድጋል፣ ካልተመቸው ግን ከሁለት ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ አንዴ አጽድቼዋለሁ ብላችሁ አትተዉት፣ በየወሩ አውጥታችሁ አራግፉት። ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ተመልሶ ከመጣ ጣሪያችሁን እዩ። ወፍ የተወችው ጎጆ ውስጥ ያለው ላባ ለብል ጥሩ ቀለብ ነው።