ፖታሲየምና ፎስፈረስ እንዲቀንስ ለታዘዘ የኩላሊት ሕመምተኛ ምግብ እንዴት ይዘጋጃል?

ኩላሊቱ የደከመ ሰው ፖታሲየምና ፎስፈረስ እንዲቀንስ ሲታዘዝ፣ ቤተሰቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚከለከሉትን ምግቦች ስም መዘርዘር ይጀምራል። ይሁን እንጂ አዘገጃጀቱና መጠኑ ከምግቡ ስም ያላነሰ ለውጥ ያመጣሉ። በቅድሚያ የቅርብ ጊዜ የደም ምርመራ ውጤትን ይመልከቱ። የደም ፖታሲየም በተለምዶ በሊትር ከ3.5 እስከ 5.0 ሚሊሞል ሲሆን፣ በጣም ከፍ ካለ የልብን ምት ያዛባል፣ ልብን እስከ ማቆምም ሊደርስ ይችላል። ሽንት የሚያሸና መድኃኒት የሚወስዱ ወይም የኩላሊት እጥበቱን (ዲያሊሲስ) በሆድ በኩል የሚያደርጉ ሰዎች ግን ፖታሲየማቸው ዝቅ ሊል ስለሚችል፣ ሐኪም ሳያዝዛቸው ከምግባቸው መቀነስ የለባቸውም።

ፖታሲየም በውሃ ውስጥ ይወጣል። ወጥ ስንሠራ ግን ውሃው ስለማይደፋ፣ ከድንቹ የወጣው ሁሉ መረቁ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ድንቹን ይላጡ፣ በትንንሹ ይክተፉ፣ በብዙ ውሃ ይቀቅሉና ውሃውን ይድፉ፤ ወደ ቁሌቱ የሚጨመረው ከዚህ በኋላ ነው። 100 ግራም ጥሬ ድንች 400 ሚሊግራም ያህል ፖታሲየም ሲኖረው፣ በዚህ መንገድ ግማሽ ያህሉ ሊወጣ ይችላል፤ ውሃ ቀይሮ ደግሞ መቀቀል የበለጠ ይቀንሰዋል። ሌሊቱን ዘፍዝፎ ማሳደር ብቻውን ግን ለድንች እምብዛም አይረዳም። ካሮትና ቀይ ሥርም በዚሁ መንገድ ይዘጋጃሉ፤ ምስርና ክክም ቢሆኑ ተቀቅለው ውሃቸው ከተደፋ በኋላ ይሠሩ። ሽሮ ዱቄት በመሆኑ የሚደፋ ውሃ የለውም፤ መፍትሔው ቀጠን አድርጎ በትንሽ መጠን መብላት ነው። የቲማቲም ድልህ የተጠራቀመ ፖታሲየም ስለሆነ ወጡን ለማቅላት ብዙ ማንኪያ አይጨምሩ።

ከአትክልት ቆስጣን በጥቅል ጎመን መተካት ትልቅ ልዩነት ያመጣል፤ 100 ግራም የበሰለ ቆስጣ ከ500 ሚሊግራም በላይ ፖታሲየም ሲይዝ ጥቅል ጎመን ከ200 ብዙም አያልፍም። ከፍራፍሬ ፖምና አናናስ ከሙዝና ከአቮካዶ ይሻላሉ። በተለይ ጭማቂን ልብ ይበሉ፦ አንድ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ የበርካታ ብርቱካን ፖታሲየም በአንድ ጊዜ ያስገባል፣ የአቮካዶ ጁስ ደግሞ ከዚህም ሊበልጥ ይችላል። በጨው ምትክ የሚሸጡ አንዳንድ ቅመሞችም ፖታሲየም ክሎራይድ ስለሆኑ ለእነዚህ ሕመምተኞች አደገኛ ናቸው።

ፎስፈረስ በቀስታ ነው የሚጎዳው፦ ያሳክካል፣ አጥንትን ያሳሳል፣ የደም ሥርን ያደድራል፤ እጥበትም በበቂ መጠን አያስወግደውም። በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ፋይቴት ከተባለ በጥራጥሬና በእህል ውስጥ ካለ ንጥረ ነገር ጋር የተያያዘ በመሆኑ በአብዛኛው ከግማሽ ያነሰው ብቻ ወደ ደም ይገባል፤ እርሾ ግን ፋይቴትን ስለሚሰብር የእንጀራውን ይህን ያህል ቀላል አድርጎ መቁጠር አይገባም። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ፋብሪካ ወደ ምግብ የሚጨምረው ፎስፌት (የፎስፈረስ ውሁድ) ነው፤ አብዛኛው፣ እስከ 90 በመቶው ድረስ፣ ወደ ደም ይገባል። ኮካ ኮላን የመሰሉ ጥቁር ለስላሳዎች፣ ሞርታዴላና የተቀነባበረ አይብ የዚህ ምሳሌ ናቸው። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን የዶሮና የሥጋ ማሸጊያ ላይ «ፎስ» (phos) የሚል ክፍል ያለበት ስም ካዩ ሌላ ይምረጡ፤ የሚጨመርበት የጨው ውሃ ፎስፌት ሊኖረው ይችላል።

ፎስፈረስን በመፍራት ሥጋና እንቁላልን እርግፍ አድርጎ መተው ግን በደም እጥበት ላይ ያለን ሰው በፕሮቲን እጥረት ይጎዳዋል። የእንቁላል ነጩ ክፍል ፕሮቲን አለው፤ ፎስፈረሱ ግን ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ያለው በአስኳሉ ውስጥ ነው። ፎስፈረስን የሚይዝ ኪኒን የታዘዘለት ሰውም ኪኒኑን ከምግቡ ጋር ይውሰድ፤ የሚሠራው በሆድ ውስጥ ከምግቡ ጋር ሲገናኝ ስለሆነ፣ ከበሉ ከሰዓታት በኋላ ቢዋጥ የሚጠበቀውን ጥቅም አይሰጥም።