120 ጥቁርና ነጭ ፊልም ስታጥቡና ስካን ስታደርጉ የሚደጋገሙ ስህተቶች

«ፊልሙ ተበላሸብኝ፣ ምን ሆኖ ይሆን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚልከው ስካኑን ነው። ኔጌቲቩን (ታጥቦ የወጣውን፣ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር የሆነበትን ፊልም) ብርሃን ላይ አድርገህ ፎቶ አንሥተህ ላክ ሲባል ቅር ይለዋል። ከስካን ላይ ግን በሽታውን መለየት አይቻልም። ሶፍትዌሩ አውቶማቲክ ላይ ከተተወ የሳሳውንም (የገረጣውን) የወፈረውንም (የጠቆረውን) ኔጌቲቭ እየጎተተ ወደ መካከል ያመጣዋል። ብርሃን ያነሰውም፣ ዴቨሎፐር (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል) ያልጠገበውም፣ ፊክሰር (ምስሉን አጽንቶ ብርሃን እንዳይነካው የሚያደርገው ኬሚካል) ያልጨረሰውም አንድ ዓይነት ግራጫ፣ ግሬይኑ (የምስሉ ቅንጣት) የፈጠጠ ምስል ሆኖ ይወጣል። እዚህ ለምሳሌ የያዝነው ኢልፎርድ ኤችፒ5 ፕላስ ፊልም (በ120፣ ማለትም ከወረቀት ጋር በሚጠቀለለው ሰፊ መጠን)፣ አይዲ-11 ዴቨሎፐር፣ የፓተርሰን ማጠቢያ ታንክና ኢፕሰን ቪ600 ስካነርን ነው። ፊልሙና ዴቨሎፐሩ ሲቀየር ደቂቃው ይቀየራል እንጂ ስህተቱ ያው ነው።

ጠርዙን አለማንበብ

የፊልሙ ጠርዝ ላይ ያሉትን ስምና ቁጥሮች በብርሃን የጻፋቸው ፋብሪካው ነው። የእናንተ ካሜራም ላይት ሜትርም አይነካቸውም፤ የሚያወጣቸው ዴቨሎፐሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ጽሑፉ ጠቁሮና ጥርት ብሎ ምስሉ ብቻ ከሳሳ፣ ፊልሙ ካሜራ ውስጥ ብርሃን አንሶታል፤ አጠባችሁ ደህና ነው። ጽሑፉም ምስሉም አብረው ከሳሱ ዴቨሎፐሩ ደክሟል፣ ቀዝቅዟል ወይም ጊዜው አጥሯል። ጽሑፉ ኖሮ ምስል ከሌለ ፊልሙ ብርሃን አላየም፤ ሸተሩን (ብርሃን ለቅጽበት የሚያስገባውን መዝጊያ) ወይም የሌንሱን ክዳን ጠርጥሩ። ጽሑፉም ከሌለ፣ ፊልሙም ከዳር እስከ ዳር ከጠራ፣ ወይ ፊክሰር ከዴቨሎፐር ቀድሞ ገብቷል፣ ወይ ዴቨሎፐሩ ሞቶ ነበር። ኤክስቶል የሚባለውን ዴቨሎፐር የምትጠቀሙ ተጠንቀቁ፦ ቀለሙ ሳይለወጥ ይሞታል፤ አይታችሁ አታውቁትም።

ብርሃን የገባበት ፊልምም እንዲሁ ነው። ጥቁረቱ ከምስሉ ክልል ወጥቶ እስከ ፊልሙ ጠርዝ ከደረሰ፣ ብርሃኑ የገባው ጥቅሉ ላልቶ ሳለ፣ ከካሜራው በፀሐይ ሲወጣ፣ ወይም ታንክ ውስጥ ሲከተት ነው። ከምስሉ ክልል ሳያልፍ ከቀረ ግን የካሜራው ቤሎው (እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፈው ክፍል) ወይም ሸተር ነው።

ነጥቦችም ይናገራሉ። ወደ ፖዘቲቭ በተገለበጠው ስካን ላይ ነጭ ሆኖ የሚታይ ነጥብ ኔጌቲቩ ላይ የተቀመጠ አቧራ ነው። ጥቁር ነጥብ ከሆነ ዴቨሎፐሩ ወይም ብርሃኑ እዚያ ቦታ አልደረሰም፦ የአየር አረፋ ከሆነ ክብ፣ ካሜራው ውስጥ ፊልሙ ላይ የነበረ አቧራ ከሆነ ቅርጽ የለሽ ይሆናል። ይህን ሁሉ ለማየት ነጭ ገጽ የከፈተ ታብሌትና አንድ ማጉያ መነጽር ይበቃል። እሱን ሳያደርጉ «ስካነሬን ልቀይር?» ብሎ መጠየቅ ምን ይባላል!

እርጥብ ሪል፣ ላብ ያለው እጅ

ፓተርሰን ሪል (ፊልሙ ታንክ ውስጥ የሚጠቀለልበት መዘውር) ላይ ፊልም የሚጣበቀው በእርጥበት ነው። ሪሉ ትናንት ታጥቦ ዛሬ «የደረቀ» ይመስላል፤ ትንንሾቹ ኳሶች ያሉበት ጉድጓድ ውስጥ ግን ውኃ ይቀራል። ብርሃን በማያስገባው ጥቁር ከረጢት ውስጥ ደግሞ አሥር ደቂቃ ከታገላችሁ የእጃችሁ ላብ ይጨመርበታል። ከዚያ ፊልሙ እንቢ ሲል መግፋት ይጀመራል፤ ሰፊው 120 ፊልም ይታጠፍና እጥፋቱ ባረፈበት ቦታ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ምልክት ይቀራል። ይህ ምልክት የካሜራም የኬሚካልም ጥፋት አይደለም፤ በጣት የተሠራ ነው። ሲያስቸግር ፊልሙን ከሪሉ አውጡት፣ ባዶው ታንክ ውስጥ ክተቱትና ክዳኑን ግጠሙ፣ እጃችሁን አውጥታችሁ አድርቁ፣ ከዚያ እንደገና ጀምሩ።

ከጥቅሉ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው ወረቀቱ ነው፣ ቀጥሎ የፊልሙ ነፃ ጫፍ፣ መጨረሻ ላይ በቴፕ የተያዘው ጫፍ። ቴፑን ከወረቀቱ በቀስታ አላቅቁና ፊልሙ ላይ መልሳችሁ እጠፉት፤ ጠንከር ያለ ጫፍ ስለሚሆን ከዚያ በኩል ወደ ሪሉ ማስገባት ይቀላል። አንድ ጥቅል ጊዜው ያለፈበት ፊልም ሠውታችሁ መጀመሪያ በብርሃን፣ ከዚያ ዓይን ጨፍናችሁ ተለማመዱ።

በታጠበው ፊልም ላይ ምስል የሌለበት፣ ወተት የመሰለ ወይም ሐምራዊ የሆነ ሰፊ ነጠብጣብ ካያችሁ፣ ፊልሙ ከመንገዱ ወጥቶ ሁለት ዙር ተጣብቆ ነበር። እንደገና ፊክሰር ውስጥ ቢገባ ይጠራል፤ ምስሉ ግን አይመለስም።

የታንኩን ቁጥር አለማመን

አንድ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም በ290 ሚሊ ሊትር ይታጠባል፤ አንድ 120 ፊልም ግን 500 ይፈልጋል፤ ቁጥሩ ታንኩ ሥር ተጽፏል። ዴቨሎፐር ለመቆጠብ 400 የሚያደርግ ሰው በፊልሙ ርዝመት የሚሄድ የሳሳ መስመር ያገኛል። ባለ ሁለት ሌንሱ 6 በ6 (ሴንቲ ሜትር) ካሜራ ፊልሙን በቁም ስለሚያስኬድ ይህ መስመር የሚወጣው በምስሉ ግራ ወይም ቀኝ ዳር ነው፤ ብዙዎች የሌንስ ጥፋት ያደርጉታል። ሪሉ መካከለኛው ዘንግ ላይ ወደ ላይ ሲንሸራተትም ያው ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ መያዣ ቀለበቱን አትርሱ። ዘንጉን ራሱን ረስቶ ታንኩን የዘጋ ፊልሙን አቃጥሏል፤ ብርሃን እንዳይገባ የሚያደርገው እሱ ነው።

ሙቀትና ማገላበጥ

ኤችፒ5 ፕላስ በአይዲ-11፣ በ1+1 (250 ሚሊ ሊትር ዴቨሎፐር፣ 250 ውኃ)፣ በ20 ዲግሪ 13 ደቂቃ ይፈልጋል። ያ ድብልቅ አንዴ ብቻ ነው፤ ተጠቅማችሁ ድፉት። ሳይበረዝ ከሆነ 7 ደቂቃ ተኩል። ውኃው 24 ዲግሪ ከሆነ በ20 ዲግሪ 10 ደቂቃ የሚፈልገው ወደ 7 ገደማ ይወርዳል። ከ5 ደቂቃ በታች የሚያወርድ ድብልቅ አትምረጡ፤ ዴቨሎፐሩ እየተቀዳ ሳለ ግማሹ ፊልም ይቀድማል፣ ሰማዩም ዥንጉርጉር ይሆናል።

ማገላበጡ በመጀመሪያው 10 ሰከንድ 4 ጊዜ፣ ከዚያ በየደቂቃው መጀመሪያ በ10 ሰከንድ ውስጥ 4 ጊዜ ነው። በየጊዜው ታንኩን ጠረጴዛ ላይ መታ መታ አድርጉት፣ አረፋው ይለቃል። አብዝቶ መናጥ የፊልሙን ሁለት ዳር ያጠቁራል። ጨርሶ መተው ደግሞ ከደማቅ ቦታዎች የሚወርዱ ጅራቶች ይሠራል።

የባሕረ ሰላጤው አገር ላላችሁ፦ በበጋ ከጣሪያ ታንከር የሚወርደው ውኃ ትኩስ ነው። ዴቨሎፐሩን በበረዶ አቀዝቅዛችሁ ፊልሙን በዚያ ውኃ ማለቅለቅ ኢመልሽኑን (ምስሉን የያዘውን ስስ ሽፋን) ያሳብጠዋል፤ ያበጠ ኢመልሽን ደግሞ በቀላሉ ይጫራል። አዲስ አበባ ላላችሁ ችግሩ ተቃራኒ ነው፣ የጠዋቱ ውኃ ከ20 ዲግሪ በታች ነው። ለሁለቱም መፍትሔው አንድ ነው፦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚበቃ 5 ሊትር ውኃ አንድ ክፍል ውስጥ አሳድሩ።

ፊክሰርን በግምት መጠቀም

ፊክሰር በዓይን አይፈተሽም፣ በማሽተትም አይፈተሽም፣ «ገና ሁለት ወሩ ነው» በሚልም አይፈተሽም። ኬሚካሉ በዘመድ ሻንጣ ስለሚመጣ መቆጠቡ ይገባናል፤ ግን የደከመ ፊክሰር የሚቆጥበው ገንዘብ የለም፣ የሚያጠፋው ፊልም እንጂ። የኢልፎርድ ራፒድ ፊክሰር 1+4 (100 ሚሊ ሊትር ከ400 ውኃ) ሲሆን አንድ ሊትሩ 24 ፊልም ይችላል፤ ስንት እንደታጠበበት ጠርሙሱ ላይ ምልክት አድርጉ። 120 ፊልም ትርፍ ጫፍ ስለሌለው ቁራጭ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም አስቀምጡ። በብርሃን ቁራጩን ፊክሰር ውስጥ ክተቱና ጨርሶ እስኪጠራ ቁጠሩ። አዲሱ ፊክሰር በ30 ሰከንድ ካጠራው፣ 60 ሲደርስ ጠርሙሱን አስወግዱ። ፊልሙ ፊክሰር ውስጥ የሚቆየው ቢያንስ ቁራጩ የጠራበትን ጊዜ እጥፍ ነው፣ ዴልታና ቲ-ማክስ ከሆነ ሦስት እጥፍ፤ እነዚህ ፊልሞች ፊክሰሩንም ቶሎ ያደክማሉ።

ወተት የመሰለ ፊልም ከደረቀ በኋላም ቢሆን አዲስ ፊክሰር ውስጥ መልሳችሁ ብትከቱት ይስተካከላል። ጠርቶ ሮዝ የሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፦ የቲ-ማክስና የትራይ-ኤክስ ፊልሞች ቀለም ነው፣ ረዘም ባለ ማለቅለቅ ይሄዳል።

ለማለቅለቅ የሚፈስ ቧንቧ አያስፈልግም። ታንኩን ሞልቶ 5 ጊዜ መገልበጥና መድፋት፣ ደግሞ ሞልቶ 10፣ ደግሞ ሞልቶ 20። ውኃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ይህ የኢልፎርድ ዘዴ በቂ ነው። የመጨረሻው ውኃ የተጣራ ይሁንና ፎቶ-ፍሎ (ሲደርቅ የውኃ ጠብታ ምልክት እንዳይቀር የሚያደርግ ፈሳሽ) በ1+200 ጨምሩበት፤ ግን ፊልሙን ከሪሉ አውጥታችሁ ነው፣ አለዚያ ቅሪቱ ሪሉን ለሚቀጥለው ጊዜ ያጣብቀዋል። በጣት አትጭመቁት። በእንፋሎት አቧራው የወረደበት መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ከታች ክብደት አስራችሁ ስቀሉት።

በሻንጣ የተላከ ፊልም

ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ ውስጥ ፊልም አይገባም፤ እዚያ ያለው ኤክስሬይ ኃይለኛ ነው፤ ሞገድ የመሰለ ጥቁረት በፊልሙ ላይ ይተዋል። በእጅ ይያዝ፣ በእጅ እንዲፈተሽም ይጠየቅ። ሙቀትና እርጥበት ያገኘው ጥቅል ደግሞ የወረቀቱን ቁጥሮች በምስሉ ሰማይ ላይ ሊያትም ይችላል።

ስካን ላይ

በስካነሩ ሶፍትዌር ውስጥ ያለውን ዲጂታል አይስ አጥፉት። ይህ አቧራ ማጥፊያ በኢንፍራሬድ የሚሠራ ነው፤ የቀለም ፊልም ማቅለሚያ ኢንፍራሬድን ያሳልፋል፣ የጥቁርና ነጭ ፊልምን ምስል የሠራው የብር ማዕድን (ሲልቨር) ግን ያግደዋል። ስለዚህ ሶፍትዌሩ የኔጌቲቩን ጥቁር ክፍል ራሱን አቧራ ነው ብሎ ያሻሸዋል፣ ጠርዞች ይቀልጣሉ። ከኢልፎርድ የሚሠራበት ኤክስፒ2 ሱፐር ነው፣ እሱ የሚታጠበው በቀለም ፊልም ኬሚካል ነውና።

ስካን የሚደረገውን ክልል የሚወስነውን ሳጥን ስትስሉ ከምስሉ ክልል ውስጥ ሁኑ። የመያዣው ጥቁር ጠርዝ ከገባ አውቶማቲኩ እሱንም ይቆጥራል። 16 ቢት ግራጫ፣ ምስሉን የሚያሾለው ሻርፕነስ ጠፍቶ፣ የሂስቶግራሙ (ከጥቁር እስከ ነጭ ያለውን የሚያሳየው ግራፍ) ሁለት ጫፎች ሳይቆረጡ አስቀምጡት፤ ፋይሉ ፈዛዛ ይሆናል፣ እንዲያ ነው መሆን ያለበት፤ ኮንትራስቱ በኋላ ይመጣል።

ቪ600 ላይ የተጻፈው 6400 ነጥብ በኢንች ነው፤ በተግባር የሚያወጣው ዝርዝር ወደ 1600 ይጠጋል። 6 በ6ን በ2400 ስካን ስታደርጉ ወደ 28 ሚሊዮን ፒክስል፣ 56 ሜጋባይት ይሆናል። በ6400 ወደ 400 ሜጋባይት የሚጠጋ ፋይል ታገኛላችሁ፣ አንድም ቅጠል አይጨምርም።

ዘይት ውኃ ላይ የፈሰሰ የሚመስሉ ቀለበቶች የሚመጡት የፊልሙ አንጸባራቂ ጀርባ መስታወት ሲነካ ነው። ኒውተን ሪንግ የሚከላከለውን ሻካራ መስታወት ግዙ፣ ወይም ፊልሙን ከባድ መጽሐፍ ሥር ጥቂት ቀን አሳድሩት።

ቀጥ ያለ መስመር በምስሉ ርዝመት ከታየ ኔጌቲቩን በማጉያ ፈልጉት። የጭረት መስመር ፊልሙን ተከትሎ ከምስል ወደ ምስል ያልፋል፤ ፊልሙን ስታዞሩት አብሮ ይዞራል። በእያንዳንዱ ስካን ላይ በዚያው ቦታ የሚወጣ መስመር ግን የስካነሩ ነው፦ ከመያዣው ራስጌ ያለው ክፍት ቦታ ለካሊብሬሽን (ስካነሩ ብርሃኑን ለሚያስተካክልበት) የተተወ ነው፣ ፊልም ወይም አንዲት ቅንጣት አቧራ ከጋረደው መስመር ይሠራል። መስታወቱን እዚያ ጥረጉና መልሳችሁ ስካን አድርጉ።