የቤት ፍጆታን ለአካባቢ ተስማሚ ስናደርግ ሸክሙን በሴቶች ላይ የሚቆልሉ ስህተቶች

የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ ክፍያ ከማይገኝበት የእንክብካቤ ሥራ 76.2 በመቶውን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ስለዚህ ቆሻሻ ወይም ነዳጅ ለመቀነስ የሚመጣ አዲስ ሥራ ባለቤት ካልተመደበለት፣ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በእነሱ ላይ ነው።

1. ዕቃውን ገዝቶ ሥራውን አለመመደብ

በጨርቅ ዳይፐር ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል። ሕፃኑ በቀን 8 ጊዜ ቢቀየርለት በሳምንት 56 ዳይፐር ማጠብ፣ ማስጣትና ማጠፍ አለ። እናትየው ብቻዋን ስትሠራው ትዝላለች፤ ቤተሰቡ ተጠቅመው ወደሚጥሉት ዳይፐር ይመለሳል፤ የተገዛው ጨርቅም ብክነት ሆኖ ይቀራል። ከመግዛታችሁ በፊት የትኛውን ቀን ማን እንደሚያጥብ ጽፋችሁ ተስማሙ። የጨርቁ ጥቅም ራሱ በአያያዙ ይወሰናል፦ ማሽኑ ሲሞላ ብቻ ማጠብ፣ በማድረቂያ ሳይሆን በገመድ ላይ ማድረቅ፣ ለቀጣዩ ልጅ ማቆየት።

2. ቁጠባን ከማጀት ብቻ መጠበቅ

ሴቷ መብራት አላጠፋሽም ተብላ ስትወቀስ ትልልቆቹ ወጪዎች ሳይነኩ ያልፋሉ። የ100 ሊትር ውሃን ሙቀት በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ለመጨመር 4.65 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ይህ ባለ 9 ዋት አምፖል ከ500 ሰዓት በላይ ያበራል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ደግሞ ወደ 2.3 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። እናም የመኪናው ጉዞና የውሃ ማሞቂያው፣ ብዙ ጊዜ በወንዱ ውሳኔ ሥር ቢሆኑም፣ መጀመሪያ ሁለቱም ቁጭ ብለው ሊነጋገሩባቸው ይገባል።

3. የምታበስለዋን ሴት ሳይጠይቁ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ መግዛት

ትልቁ ድስት ካልተቀመጠበት፣ ሲማሰል ከተንቀሳቀሰ ወይም እንጨቱ በጣም ተፈልጦ ካልሆነ የማይገባ ከሆነ፣ አሮጌው ምድጃ ጎን ለጎን መንደዱን ይቀጥላል። ያኔ ጭሱም አለ፣ ገንዘቡም ወጥቷል። ድስቱን ይዛችሁ ሂዱ፤ የምታበስለው ሰው ራሷ ትሞክረው፤ የመግዛቱም የመተውም ውሳኔ የእሷ ይሁን።

4. ሥራውን ቆራርሶ ማካፈል

ባል ገበያ ሄዶ ይገዛል፣ ቤት ያለውን የምታስበው ግን ሚስት ናት። ሳያይ የገዛው ይደራረባል፣ ይበላሻል። የሳምንቱ ተረኛ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ከፍሪጁ ፍተሻ ጀምሮ ዝርዝሩን፣ ግዢውንና ማብሰሉን እስከ መጨረሻው ይያዘው። ቶሎ የሚበላሸው ከፊት ይቀመጥ፤ ቀድሞ የሚበስለውም እሱ ነው።