አንዱ ሲነቃ ሌላውም እንዳይነቃ፦ በእርጅና ዘመን መኝታ ክፍል መጋራት

ዕድሜ ሲገፋ እንቅልፍ ይሳሳል፤ ሰው አመሻሽ ላይ ያንጎላጀውና ገና ሳይነጋ ዓይኑ ይፈጣል። ይህ በራሱ በሽታ አይደለም። ሆኖም ዕድሜው ከ65 ዓመት ያለፈ ሰውም በቀን ከ7 እስከ 8 ሰዓት እንዲተኛ ስለሚመከር፣ ሌሊት ሌሊት እየነቁ ማደርን «እርጅና ነው» ብሎ ማለፍ ተገቢ አይደለም።

መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ያህል ማን በስንት ሰዓት እንደተኛ፣ ስንት ጊዜና ለምን እንደተነሣ መዝግቡ። የሚያንኮራፋ ሰው የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ ዋናው ምስክር አጠገቡ የተኛው ነው። ማንኮራፋቱ ድንገት ጸጥ ብሎ፣ ትንፋሹ ለጥቂት ሰከንዶች ጠፍቶ፣ ከዚያም ታንቆ እንደተለቀቀ ሰው በኃይል አየር የሚስብ ከሆነና ቀን በተቀመጠበት የሚያንቀላፋ ከሆነ፣ ያያችሁትን ለሐኪም ሳትውሉ ሳታድሩ ንገሩ። በሕልሙ እየተማታ የሚራገጥም እንዲሁ መመርመር አለበት፤ እስከዚያው ድረስ አልጋ መለየት ይሻላል። ቀላል ማንኮራፋት ግን ብዙ ጊዜ በጎን በመተኛት ይቀንሳል።

ለሽንት የሚነሣው ሰው በበሩ በኩል ይተኛ፤ ከመኝታ በፊት ባሉት ሁለትና ሦስት ሰዓታት የሚጠጣውን ፈሳሽ ይቀንስ። ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ማታ የሚወስድ ከሆነ፣ ሰዓቱ ይለወጥ እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ። ዋናውን መብራት ከማብራት ይልቅ ወለሉ አጠገብ ደብዘዝ ያለ መብራት ማኖር ሁለቱንም ይጠቅማል፦ አንዱ አይደናቀፍም፣ ሌላው አይነቃም። የእንቅልፍ ኪኒን በራስ ፈቃድ መጀመር በጨለማ ለሚነሣ አረጋዊ የመውደቅና የመደናገር አደጋን ይጨምራል።

በእኔ ግምት ብዙውን የሌሊት ጭቅጭቅ የሚያመጣው ብርድ ልብስ ነው። አንዱ ጠቅልሎት ሲገላበጥ የሌላው ጀርባ ይራቆታል፤ እሱም በብርድ ነቅቶ ጫፉን ሲስብ ሁለቱም ይነቃሉ። መፍትሔው ለየብቻ መደረብ ነው፤ አንዱ ሲገላበጥ ሌላውን የሚንጠው ከሆነ ደግሞ ሁለት ፍራሽ ጎን ለጎን ይነጠፍ።

ይህ ሁሉ ካልበጀ ክፍል መለየት ኩርፊያ ተደርጎ መታየት የለበትም። እንቅልፍ እስኪመጣ አብሮ ተጋድሞ መጨዋወት፣ ከዚያ ወደየአልጋ መሄድ ይቻላል። ሕመም ያለበት ሰው ሌሊት ቢጣራ እንዲሰማ የሁለቱም ክፍል በር ገርበብ ብሎ ይደር፤ ድምፁ ደካማ ከሆነም ትንሽ ደወል ከትራሱ አጠገብ ይቀመጥለት።