በፋሲል ግቢ ስልክ ይዞ ታሪክ ማስተማር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጂፒኤስ የሚመራ የኦግመንትድ ሪያሊቲ ትምህርት (ተማሪው የተመረጠ ቦታ ሲደርስ ስልኩ ታሪኩን ከፍቶ ካሜራው በሚያሳየው ላይ ምስል የሚደርብበት) የሚበላሸው ገና ሳይጀመር፣ ቢሮ ውስጥ ነው። መምህሩ የሳተላይት ካርታ ከፍቶ ነጥቡን ልክ ግንቡ ላይ ይተክላል፤ ሬዲየሱን፣ ማለትም ታሪኩ ከነጥቡ በምን ያህል ርቀት ውስጥ እንደሚከፈት፣ 5 ሜትር ያደርጋል። በማግስቱ ተማሪው ሁሉ ግንቡ ሥር ቆሞ «አልከፈተልኝም» ይላል። እንዴት ይክፈት! የስልክ ጂፒኤስ ሰማዩ ወለል ብሎ በሚታይበት ሜዳ እንኳ 5 ሜትር ገደማ ይስታል። ግድግዳ ሥር ሲሆንማ ምልክቱ ከድንጋዩ ነጥሮ ስለሚመጣ የባሰ ይስታል። ነጥቡን ከግንቡ ፈቀቅ አድርጋችሁ ሣሩ ላይ ትከሉ። ሬዲየሱ ከ15 እስከ 20 ሜትር፣ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት ደግሞ 50 ሜትር ይሁን፤ አለዚያ የኢያሱ ግንብ ታሪክ ፋሲል ግንብ ደጃፍ ላይ መነገር ይጀምራል። ከዚያ በእግር ዞራችሁ ሞክሩት፣ አንዱን ዙር በርካሽ ስልክ። ሳተላይቶቹ ስለሚንቀሳቀሱ ጠዋት የሠራው ከሰዓት ላይሠራ ይችላል።

ኬክሮስና ኬንትሮስን ማገላበጥ። አንዳንዱ ፕሮግራም ኬንትሮስን ያስቀድማል። የግቢው 12.608፣ 37.470 ሲገለበጥ ሲሲሊ አጠገብ ባሕር ላይ ያርፋል።

ከነጥብ በኋላ ያሉትን አሃዞች መቁረጥ። አምስት አሃዝ 1 ሜትር ገደማ ነው፤ ሦስት ብቻ አስቀርታችሁ ሌላውን ከቆረጣችሁ ነጥቡ ከ100 ሜትር በላይ ሊሸሽ ይችላል።

ጂፒኤስ ፎቅ ይለያል ብሎ ማሰብ። ከፍታ ላይ ስህተቱ ከአግድሙ ይብሳል። ለፋሲል ግንብ ውስጥ ኪው አር ኮድ ተጠቀሙ፤ ግን ካርድ ላይ አትማችሁ መምህሩ ይያዘው እንጂ ቅርሱ ላይ አይለጠፍም።

ምስሉ በተሳሳተ አቅጣጫ ከቆመ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የስልኩ ኮምፓስ ነው። ማግኔት ያለውን የስልክ ሽፋን አውልቁ፣ ከብረት በር ራቁ፣ ስልኩን በአየር ላይ የ8 ቅርጽ እያሠራችሁ አዙሩት።

ቪዲዮና ምስሉን በዋይፋይ ቀድማችሁ አውርዱ። ካሜራ፣ ስክሪንና ጂፒኤስ አብረው ሲሠሩ ባትሪ ይበላሉ፤ ለሦስት ተማሪ አንድ ስልክ ይበቃል፣ ፓወር ባንክ ግን አይቅር። ስልኩን የያዘው ልጅ ደረጃ ላይ ስክሪኑን እያየ አይራመድ።

መጽሐፉ ላይ ያለውን አንቀጽ ስልክ ላይ ለማንበብ ደግሞ ጎንደር ድረስ መሄድ አያስፈልግም። የኢያሱን ግንብ ከጣሪያው ጋር በስክሪኑ አሳዩና፣ ከፊታቸው ያለው ፍርስራሽ ላይ ጣሪያው ያርፍበት የነበረውን ቦታ በጣታቸው እንዲያመለክቱ ጠይቋቸው።