ባል ለፖለቲካ ሲታሰር ቤቱ እንዴት ይቆማል

ባለፈው ወር አንዲት ልጅ እግር ጎረቤቴ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ በሬን አንኳኳች። ባሏ የተቃዋሚ ፓርቲ አባል ነው። ከሥራ ሲወጣ ይዘውታል። «እትዬ፣ አሁን ምንድነው የማደርገው?» አለችኝ። ቡና አፈላሁና እስከ እኩለ ሌሊት አወራን። ያን ሌሊት የነገርኳትን እዚህ የምጽፈው፣ ነገ በሯ ላይ ተመሳሳይ ነገር የሚደርስባት ሌላም ስለምትኖር ነው።

የእኔ ባለቤት ሁለት ጊዜ ታስሯል። መጀመሪያ በ1998፣ ከምርጫው በኋላ። ሁለተኛ በ2004። ሲደመር አራት ዓመት ከሦስት ወር ነው። የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ በፓርቲው ደግሞ የድርጅት ጉዳይ ይሠራ ነበር። ስለ ተቃዋሚ ፖለቲከኞች ጽናት ሲነሳ ሁሌ የሚወራው ስለ ሰውየው ልብ ነው። ልብማ ያስፈልጋል። ግን እኔ ያየሁት ጽናት ግማሹ ከቤት በፌስታል እየተቋጠረ የሚሄድ ነው።

ከመታሰሩ በፊት

ባልሽ ወይም ሚስትህ፣ ልጃችሁ ወይም ወንድማችሁ ተቃዋሚ ፓርቲ ውስጥ ካለ፣ ዛሬ ነገ ሳትሉ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ ውክልና አስፈጽሙ። መጀመሪያ ሲታሰር ብራችን ያለው በእሱ ስም በተከፈተ የባንክ ደብተር ነበር። ብሩ አለ፤ እኔ ግን ማውጣት አልችልም። አምስት ወር ሙሉ የቤት ኪራይ ከወንድሜ እየተበደርኩ ከፈልኩ። ሰው ከታሰረ በኋላ ውክልና ማስፈረም መከራ ነው። ውክልናው ላይ ባንክ፣ ንብረት፣ የልጆች ጉዳይ፣ እንዲሁም ጠበቃ መቅጠርና ክስ መከታተል የሚሉት በግልጽ ይጻፉ።

አንድ ክላሰር ይኑራችሁ። የመታወቂያ ቅጂ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የልጆች የልደት ሰርተፍኬት፣ የኪራይ ውል፣ የሚወስደው መድኃኒት ስም፣ የጠበቃ ስልክ በወረቀት ላይ። ስልኩ በወረቀት ላይ ያልኩት ሞባይላችሁ ሊወሰድ ስለሚችል ነው። ሁለተኛውን ቅጂ ሌላ ቤት አስቀምጡ። ብርበራ የመጣ ቀን የተወሰደውን ዕቃ ዝርዝር ጠይቁ፤ ሳታነቡ አትፈርሙ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን አንድ ማታ ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው። ለመጀመሪያው እስር አልተነጋገርንም ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ተቀይሜው ስንቅ አመላልሻለሁ፤ እሱም ከፊቴ ያነበው ነበር። በሁለተኛው ግን ቀድሞ «ቢመጡብኝ ምንድነው የምትፈልጊው?» ብሎ ጠየቀኝ። ልጆቹን ከዚህ ሰፈር እንዳላወጣ፣ እሱም ለእኔ ሲል ያላመነበትን ነገር እንዳይፈርም ተስማማን። ያቺ የአንድ ሰዓት ወሬ ኋላ ብዙ ቀን አሳድራናለች።

የት እንዳለ ማግኘት

የት እንደወሰዱት ካልነገሯችሁ ስንቅ ይዛችሁ በየጣቢያው ዙሩ። «እዚህ የለም» የሚል ቃል ብቻ አትመኑ። ስሙን ተናግራችሁ ምግቡን አቅርቡ። ከተቀበሏችሁ እዚያ አለ። እኔ በአራተኛው ጣቢያ ነው ያገኘሁት። ባዶ ሳህን ሲመለስልኝ እንጀራውን እንዴት አጥፎ እንደቆረሰው አውቄ መንገድ ላይ አለቀስኩ።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። አንቀጽ 21 ደግሞ የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ የሃይማኖት አባት፣ ሐኪምና የሕግ አማካሪ እንዲጎበኙት መብት ይሰጣል። ሁልጊዜ ይከበራል እያልኩ አይደለም። ግን አንቀጹን በቁጥሩ ጠርቶ፣ ድምፅን ሳያነሱ መጠየቅ ለውጥ ያመጣል። የጠየቃችሁበትን ቀን፣ ሰዓትና የተሰጣችሁን መልስ ደብተር ላይ ጻፉ። ጠበቃው በኋላ ይፈልገዋል።

ስንቅ

ዕለት በዕለት ብቻችሁን አትችሉትም። እኔ ሞክሬ በሁለተኛው ወር ታምሜ ወደቅሁ። ከዚያ በኋላ እንደ ዕቁብ አደረግነው። ሰባት ቤት፣ ሰባት ቀን። ሰኞ እህቱ፣ ማክሰኞ አክስቴ፣ ረቡዕና ዓርብ የጾም ስለሆነ ሽሮ የሚያምርላት ጎረቤቴ እና የክርስትና እናቱ፣ ሐሙስ የሥራ ባልደረባው፣ ቅዳሜ አንድ የፓርቲ ጓደኛው፣ እሁድ እኔ ከልጆቹ ጋር። አንዳንድ የዕድር ሰዎች ፈርተው ራቁን። አልተቀየምኳቸውም። ፍርሃታቸው እውነት ነበር። እናንተም ቂም እየቆጠራችሁ ጉልበታችሁን አትጨርሱ።

ወጡ ወፈር ይበል፤ ቀጭን መረቅ ፍተሻ ላይ ይደፋል። ሥጋው ያለ አጥንት ይሁን። ክዳኑ የሚከፈት ምሳ ዕቃ ያዙ፤ የታሸገ ነገር ያስቆማችኋል። «ቅመሺ» ካሏችሁ ቅመሱ። ለማይበላሽ ቆሎ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ላኩ። ደግሞ ለአንድ ሰው ብቻ አትቋጥሩ። ውስጥ አብረው ነው የሚበሉት። ከሩቅ አገር የመጣ፣ ጠያቂ የሌለው ልጅ ሁሌ አለ። ባለቤቴ «ከቤት የሚመጣው ለሦስት ሲበቃ ሰው የሆንኩ ይመስለኛል» ይለኝ ነበር። የሚሰጠው ነገር ያለው እስረኛ ቶሎ አይሰበርም።

ሥራም ስጡት። መጽሐፍ የሚገባ ከሆነ አስገቡ። የተቃዋሚ ፖለቲከኛው አቶ በቀለ ገርባ የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩ፤ እስር ቤት ሆነው የማርቲን ሉተር ኪንግን ንግግሮች ወደ አፋን ኦሮሞ ተርጉመዋል። ባለቤቴ እንዲህ ያለ ትልቅ ሥራ አልሠራም። ግን ለአንድ ጎረምሳ ሒሳብ እያስተማረ ስምንተኛ ክፍል አስፈትኖታል።

ስትጠይቁት

ጊዜው አጭር ነው። አጠገባችሁ የሚያዳምጥ ሰው አለ። ስለ ፓርቲ አታውሩ። ሰው የሚናፍቀው የቤቱን ወሬ ነው፦ የበሩ ማጠፊያ ተጠገነ፣ ትንሹ ጥርሱን ነቀለ፣ አከራይዋ ዘንድሮ ኪራይ አልጨመረችም።

አትዋሹት። ይህን በጣም አጥብቄ ነው የምላችሁ። ልጃችን ታማ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ «ደህና ናት» አልኩት። እንዳይጨነቅ ብዬ ነው። ከሌላ እስረኛ ጠያቂ ሰማ። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት የምነግረውን ሁሉ ይጠራጠር ጀመር። ግድግዳ ውስጥ ላለ ሰው ጥርጣሬ ከሕመም ይብሳል። እውነቱን በአጭሩ ንገሩት፣ ምን እያደረጋችሁ እንደሆነ ጨምሩበት። «ታማ ነበር፤ ትናንት ወጣች፤ መድኃኒቷን ጀምራለች» በቂ ነው።

ችሎት

ቀጠሮ አያምልጣችሁ። ዳኛው በሁለት ደቂቃ ሌላ ቀን ቢሰጥም ሂዱ። በመደበኛው ሕግ ለምርመራ የሚሰጠው ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም። በ2001 በወጣው የፀረ ሽብር አዋጅ ግን ትንሹ 28 ቀን ነበር፤ ሲደመር እስከ አራት ወር ይደርስ ነበር። ያንን አዋጅ በ2012 ሌላ ተክቶታል። ጠበቃችሁን መጀመሪያ የምትጠይቁት ጥያቄ ጉዳዩ በየትኛው ሕግ እንደተያዘ ነው። ቤት ውስጥ የምታቅዱት ሁሉ በዚህ ይወሰናል።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ላይ ተገኙ፤ ችሎቱ ጠባብ ነው። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ተቀመጡ። እኔ በስተግራ ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ነበርኩ። እንደገባ ዓይኑ በቀጥታ ወደዚያ ይሄዳል።

ይቅርታና ፊርማ

ቤተሰብ ትልቁን ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ዘመድ «ፈርም ውጣ» ይላል፣ ሌላው «ብትፈርም ከድተኸናል» ይላል። ሁለቱም እስር ቤት ውስጥ አልተኙም።

የቅንጅት መሪዎችን አስቡ። በ1997 ምርጫ ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱን አሸነፈ። መሪዎቹ ታሰሩ፣ ዕድሜ ልክ የተፈረደባቸውም ነበሩ፤ በ1999 ክረምት በይቅርታ ወጡ። ወ/ሪት ብርቱካን ሚደቅሳ አንዷ ናት። ስለዚያ ይቅርታ በተናገረችው ምክንያት ታኅሣሥ 19፣ 2001 እንደገና ተያዘች፤ የወጣችው መስከረም 26፣ 2003 ነው። ያኔ ስንቅ የሚያመላልሱት እናቷ ነበሩ። በኅዳር 2011 የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነች። በሌላ በኩል ጋዜጠኛው እስክንድር ነጋ በ2010 የቀረበለትን ወረቀት አልፈርምም አለ፤ የካቲት 7 ከተቃዋሚ ፖለቲከኛው ከአቶ አንዱዓለም አራጌ ጋር ወጣ። አንዱዓለም ከመስከረም 2004 ጀምሮ ነበር የታሰረው፤ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት ነበር። የፈረመችው ወደ አደባባይ ተመልሳለች፤ ያልፈረመውም ተመልሷል። ስለዚህ ለሰውየው ተዉለት። የእናንተ ድርሻ በሁለቱም በኩል ቤቱ እንደሚቀበለው ማሳወቅ ነው።

ከእስር ይልቅ ባለቤቴን የጎዳው የጓዶቹ መለያየት ነበር። የቅንጅት መሪዎች ከእስር ከተፈቱ በኋላ ፓርቲው ሲከፋፈል አልጋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሦስት ቀን ተኛ። ውስጥ ሆኖ እንዲህ አላየሁትም። ውጭ ያላችሁ የፓርቲ ሰዎች ይህን ብታነቡ፣ ጠባችሁን ወደ እስረኛው አታድርሱ። ማን ማንን ሰደበ የሚለውን በጠያቂ በኩል አትላኩበት። ቅዳሜ በተራችሁ ስንቅ ውሰዱለት።

ከወጣ በኋላ

የመጀመሪያው ሳምንት ድግስ አይሁን። ሰው በየተራ ይምጣ። ባለቤቴ መብራት ጠፍቶ መተኛት አቅቶት ነበር፤ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚበራ። የኮሪደሩን አምፖል ለሁለት ወር ሳናጠፋ አደርን። በር ሲንኳኳ ይነሳል። ትንሹ ልጃችን «ሰውዬው» ይለው ነበር። አልገሠጽኩትም። ጠዋት ጠዋት አብረው ዳቦ እንዲገዙ ላክኋቸው፤ በመንገዱ ላይ ተላመዱ። ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፤ በተለይ ዓይን፣ ጥርስና ወገብ።

ወደ ፖለቲካው ይመለስ አይመለስ በመጀመሪያው ወር አትጠይቁ። እኔም አልጠየቅሁም። በአራተኛው ወር አንድ ሰኞ ሸሚዙን ተኩሶ ለብሶ «ቢሮ ደርሼ እመጣለሁ» አለኝ። የቱ ቢሮ እንደሆነ አውቄያለሁ። ክላሰሩን ከቁም ሳጥን አውጥቼ የጎደለውን አየሁ፤ የኪራይ ውሉ አሮጌ ነበር።

ጎረቤቴ ያን ሌሊት ልትሄድ ስትል የባለቤቴን ምሳ ዕቃ ሰጠኋት። ባለ ሦስት ድርብ ነው፣ ጎኑ ትንሽ ተጎድቷል። መጀመሪያ የረቡዕን ሰው ፈልጊ አልኳት፤ ሽሮ የምትሠራ። ክዳኑ ጠበቅ ይላል፣ ወደ ግራ ነው የሚከፈተው።