የካውቦይ ፊልም ለምትወዱ፦ ከሽጉጡ ሳይሆን ከባቡሩ ጀምሩ

የካውቦይ ፊልም ስታዩ አድጋችሁ አሁን «ቆይ፣ ይሄ ነገር በእውነት እንዴት ነበር?» ማለት ከጀመራችሁ እንነጋገር። ብዙ ሰው የሚገባበት ከተኩሱ ነው። ቢሊ ዘ ኪድ፣ ዋያት ኧርፕ፣ ጄሲ ጄምስ እያለ ስም ይሰበስብና ሦስተኛው ላይ ይሰለቸዋል። እኔ የምላችሁ ከባቡሩ ጀምሩ።

ድሬ ላይ ላደገ ሰው ከዚህ የቀለለ መግቢያ የለም። ከተማችን የተቆረቆረችው ሐዲዱ ከጅቡቲ መጥቶ እዚህ ሲደርስ ነው፣ በ1902 (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ መጽሐፎቹን ስታገላብጡ እንዳይምታታባችሁ)። ባቡር ሲመጣ ማን እንደሚከብር፣ የትኛው ከተማ ዳር እንደሚቀር፣ መጋዘንና ሆቴል ምንም ባልነበረበት ሜዳ ላይ እንዴት እንደሚበቅል ለእኛ አስረጂ አያስፈልገንም። የሐረር ልጆችም አትኩረፉ። አሜሪካ ውስጥም እንደ ሐረር ባቡሩ ጥሏት የሄደ ከተማ አለች፣ ዴንቨር ትባላለች። ዋናው መስመር በሰሜን በኩል በሻየን አለፈ፣ ዴንቨሮች ደግሞ ዝም ብለው አልተቀመጡም፣ በ1870 እስከ ሻየን የራሳቸውን ሐዲድ ዘረጉ።

መጀመሪያ የምታነቡት መጽሐፍ የጎርደን ቻንግ «ጎስትስ ኦፍ ጎልድ ማውንቴን» ይሁን፣ በ2019 የወጣ ነው። በሜይ 10 ቀን 1869 ዩታ ውስጥ ፕሮሞንቶሪ ሰሚት ላይ ከምሥራቅና ከምዕራብ የመጡት ሐዲዶች ተገናኙ። በምዕራቡ በኩል የሴራ ኔቫዳን ተራራ በባሩድና በመዶሻ የበሱት አብዛኞቹ ቻይናውያን ነበሩ። የመጽሐፉ ጣጣም ጣዕሙም አንድ ነው፦ ከእነዚያ በሺዎች ከሚቆጠሩ ሠራተኞች አንድ ደብዳቤ፣ አንድ ማስታወሻ እንኳ አልተገኘም። ስለዚህ ጸሐፊው ከደመወዝ መዝገብ፣ ከጋዜጣ፣ ከመሬት ተቆፍሮ ከወጣ ስብርባሪ ዕቃ እየለቀመ ነው ሰዎቹን የሚያቆማቸው። በጁን 1867 ሥራ ያቆሙበትን ክፍል አትዝለሉት። እኩል ደመወዝና አጭር የሥራ ሰዓት ጠየቁ፣ ኩባንያው አልተኮሰም፣ አልተደራደረም፣ የምግብ አቅርቦቱን ብቻ ቆረጠባቸው። በሳምንት ውስጥ አለቀ። አባቱ ወይም አያቱ ምድር ባቡር የሠራ ሰው ይሄን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው እናንተው ታውቃላችሁ።

ከእሱ ጎን የጆን ፎርድን «ዘ አይረን ሆርስ» እዩ። የ1924 ፊልም ነው፣ ድምፅ የለውም፣ ስለዚህ እንግሊዝኛው አያስቸግራችሁም። ታሪኩ ያው ነው፦ አክተሩ የአባቱን ገዳይ ይፈልጋል፣ ልጅቷን ይወዳል። ግን ያ ሁሉ ሰው ሐዲድ ሲዘረጋ የሚታይበት ቦታ ላይ ዓይናችሁን ጣሉ። ተከታታይ ለምትወዱ ደግሞ «ሄል ኦን ዊልስ» አለ። ስሙ ከሐዲዱ ጋር አብሮ እየተነቀለ ለሚጓዘው የድንኳን ከተማ የተሰጠ የእውነት ስም ነው፣ ሰዎቹ ግን አብዛኞቹ ልብ ወለድ ናቸው።

ከባቡሩ በኋላ ወደ መሬቱ ባለቤቶች፣ ወደ አሜሪካ ነባር ሕዝቦች እለፉ። እዚህ ላይ አሠራሬ እንዲህ ነው፦ ፊልሙን አያለሁ፣ ወዲያው ፊልሙን የሚቃወም መጽሐፍ እከፍታለሁ። ለምሳሌ «ዘ ሰርቸርስ» የተባለውን የ1956 ፊልም ውሰዱ። ጆን ዌይን ከነባር ሕዝቦቹ አንዱ የሆኑት ኮማንቼዎች የወሰዷትን የወንድሙን ልጅ ዓመታት ሙሉ ይፈልጋል። ቦታው ቴክሳስ ነው ይላችኋል፣ ያ ቀይ የድንጋይ ግንብ ግን በዩታና በአሪዞና ድንበር ላይ ያለው ሞኑመንት ቫሊ ነው። ፊልሙን እንደጨረሳችሁ የኤስ ሲ ግዊንን «ኤምፓየር ኦፍ ዘ ሰመር ሙን» ክፈቱ። እዚያ ሲንቲያ አን ፓርከርን ታገኟታላችሁ። በ1836 በልጅነቷ ተወሰደች፣ ኮማንቼ ሆና አደገች፣ አገባች፣ ወለደች። በ1860 ነጮቹ «አዳንናት» ብለው ሲመልሷት ደጋግማ ልትጠፋ ሞከረች። ልጇ ኳና ደግሞ በመጨረሻ እጃቸውን ከሰጡት የኮማንቼ መሪዎች አንዱ ነው። አቦ፣ ፊልሙ ይሄን ሁሉ የት አደረሰው?

የግዊን መጽሐፍ እንደ ውሃ ይወርዳል፣ ግን ኮማንቼዎችን የሚጠራባቸው ቃላት አንዳንዴ ይጎረብጣሉ። ስለዚህ እዚያ አትቁሙ። ዳኮታ ከሚባለው ነባር ሕዝብ የተወለደው ሐኪም ቻርልስ ኢስትማን ራሱ የጻፋቸው መጻሕፍት ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛሉ፣ እንግሊዝኛቸውም አይከብድም። «ኢንዲያን ቦይሁድ» የልጅነቱ ነው። «ፍሮም ዘ ዲፕ ውድስ ቱ ሲቪላይዜሽን» ግን ሌላ ነው። በዲሴምበር 29 ቀን 1890 የአሜሪካ ጦር ላኮታ የሚባሉትን ነባር ሕዝቦች በፈጀበት በዉንድድ ኒ ጭፍጨፋ ጊዜ በአካባቢው ሐኪም እሱ ነበር። ቁስለኞቹ ቤተ ክርስቲያን ገቡ፣ ወንበሮቹ ተነቅለው ወለሉ ላይ ድርቆሽ ተነጠፈ፣ የገና ጌጡ ገና ከግድግዳው አልወረደም ነበር። ከአውሎ በረዶው በኋላ ደግሞ በሕይወት የተረፈ ካለ ብሎ ሜዳውን ሲፈልግ ሄደ። ያንን ምዕራፍ በአንድ ትንፋሽ አታነቡትም።

ቻርልስ ኢስትማንን ካነበባችሁ በኋላ በላኮታዎች መሃል ስለሚኖር ነጭ ወታደር የተሠራውን «ዳንስስ ዊዝ ዉልቭስ»ን ድጋሚ እዩት፣ ሌላ ፊልም ይሆንባችኋል።

ጥቁር ሕግ አስከባሪም ነበር ወይ ብላችሁ ከሆነ፣ ነበረ። ባስ ሪቭስ በባርነት ተወልዶ የፌዴራል ማርሻል ምክትል የሆነ ሰው ነው። ማንበብ ስለማይችል የእስር ማዘዣዎቹን አስነብቦ በቃሉ ይይዝ ነበር። የአርት በርተን «ብላክ ገን፣ ሲልቨር ስታር» ዋናው መጽሐፍ ነው፣ የ2023ቱ ተከታታይ ፊልም ደግሞ ማባያው።

የሰርጂዮ ሊዮኔን ፊልሞች እኔም እወዳቸዋለሁ፣ ሙዚቃው ብቻ ይበቃል። ግን በረሃው በአብዛኛው ስፔን ነው፣ ታሪኩም ተረት ነው። ለደስታ እዩ። ዋያት ኧርፕ ስለተታኮሰበት ስለ ኦኬ ኮራል የተሠራውንም ሁሉ እንደዚያው፣ ምክንያቱም ያ ሁሉ ፊልም የተሠራለት ተኩስ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ነው የፈጀው።

ፖድካስት ለከሰዓቱ ነው። ፀሐዩ ሲከር፣ ከዚራም መጋላም ጭር ሲል፣ የበርጫ ሰዓት ላይ ያሉትም ሲመሰጡ፣ «ሌጀንድስ ኦፍ ዘ ኦልድ ዌስት»ን ክፈቱ። አንድ ሰው ረጋ ብሎ ይተርካል፣ አንዱን ታሪክ በብዙ ክፍል ስለሚያደርገው ስሞቹ ጆሮ ይለምዷቸዋል። ክፍሎቹን ዋይፋይ ካለበት ቦታ ቀድማችሁ አውርዱ፣ ለድምፅ ብላችሁ ፓኬጅ አትጨርሱ። ካርታም ከጎን ይኑር፣ ስልክ ላይ ያለው ይበቃል። ካንሳስ፣ ነብራስካ፣ ዋዮሚንግ እያለ ሲሄድ ጣታችሁ ካልተከተለው በሁለተኛው ክፍል ትጠፋላችሁ።